እትዬ ትርንጎ ደንገሌን የገዙ ጊዜ

ሰው በዕድሜው ብዙ ነገር ይሸጣል። በግ ይሸጣል፤ ብስክሌት ይሸጣል፤ ሲብስበት የሠርግ ሱፉን ይሸጣል። እኔና ጓደኛዬ ይትባረክ ግን ሰው ሸጠናል፤ ያውም በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር መሃል ከተማ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ቆመው እያዩን። አትደንግጡ፤ የተሸጠው ሰውዬ ከደንገል፣ ጣና ዳር ከሚበቅለው የታንኳ ሣር፣ የተሠራ ነው፤ የሚኖረውም ወረቀት ላይ ነው። ቢሆንም ሰው መሸጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በዚህ ሽያጭ የተነሳ ጣና ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ሰማይ ሰማይ እያየሁ ወደ ዓባይ መውጫ ስሄድ ያሰብሁትን ሁሉ ብነግራችሁ ዳግመኛ ዶሮ እንኳ አትሸጡም።

ይትባረክ በከተማው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የንድፍ ክፍል ሠራተኛ ነበር። ሥራው አንሶላ ላይ የሚታተም አበባ መሣል ነው። አባቱ በጣና ደሴቶች ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ቅዱሳንን ሲሥሉ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። እሱም መናገር ሳይማር በፊት ቀለም መበጥበጥ የተማረ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም መናገሩን ከዚያ በኋላም አልተማረውም። ጠዋት ሰላም ብትሉት ምላሹን ከሰዓት በኋላ ታገኛላችሁ። እኔ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ አስተማሪ ነበርሁ፤ ወሬ አያልቅብኝም። እሱ ዝም ይላል፣ እኔ የሱንም ጨምሬ እናገራለሁ። ጓደኝነታችን በዚህ የሥራ ክፍፍል ጸንቶ ኖረ።

ደንገሌ የተወለደው ሐይቁ ዳር ነው። በሐይቁ ላይ እንጨት ሊሸጡ የሚመጡ የዘጌ ሰዎች ጭነታቸውን አራግፈው የደንገል ታንኳቸውን እንዲደርቅ ዛፍ ላይ አስደግፈው ያቆሙታል። ቆሞ ያለ ታንኳ ደግሞ ከሩቅ ሲታይ ሰው ይመስላል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ የሆነ ነገር የረሳ ሰው። ይትባረክ አየው፣ አየውና ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ዓይን ሠራለት። እኔ አፍ ጨመርሁለት። ባሕርዩን ለመስጠት ያን ያህል አልተቸገርንም። ደንገሌ ውኃ ውስጥ አይሰምጥም፤ ስለዚህ የውኃ ሽፍታና ጉማሬ የሚያስቸግሯቸውን ጎስቋላ እንጨት ሻጮች ያድናል። ነገር ግን ደንገል ነውና ውኃ ውስጥ ሲቆይ ይርሳል፣ ይከብዳል። በመሆኑም በእያንዳንዱ ፍልሚያ መካከል ወደ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ መቆም አለበት። ጠላቶቹ እስኪደርቅ ይጠብቁታል። አንባቢ “ለምን ይጠብቁታል?” ብሎ ሲጠይቀኝ “ጣና ላይ ሰው ይከባበራል” እለው ነበር።

ድርጅታችን አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማና አንድ የሳሙና ካርቶን ነበር። ሐይቁ ዳር ካሉት ዘንባባዎች ሥር እናስቀምጠዋለን። ይትባረክ የታሪኩን ሥዕል በየደብተሩ ላይ በእጁ ይሥላል፤ እኔ ከሰዎቹ አፍ አጠገብ በተሠራው ክብ ውስጥ ንግግራቸውን እጽፋለሁ። ሰው ሳንቲም ይከፍልና እዚያው ቆሞ ያነባል፤ ይዞ መሄድ ክልክል ነው። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲለቅ ብስክሌቱ እየመጣ ዘንባባው ላይ ይደገፋል፤ አንዱ ያነባል፣ አምስቱ በትከሻው ላይ ያነባሉ፤ ቀድሞ የጨረሰው የሚመጣውን እየተናገረ የሌላውን ደስታ ያበላሻል። ታዲያ በደርግ ጊዜ ሰው ተሰብስቦ ሲስቅ ዝም ብሎ የሚያልፍ ቀበሌ የለም።

አንድ ቀን ሊቀመንበሩ መጡ። ኮታቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው፣ ደብተሩን ተቀብለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆመው አነበቡ። ሲጨርሱ ዘጉት።

“የዚህ ሰውዬ መደቡ ምንድን ነው?” አሉ።

“መደብ?” አልሁ።

“ሠርቶ አደር ነው፣ ንዑስ ከበርቴ ነው? ምንድን ነው?”

“ደንገል ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።”

“ፈቃድ አላችሁ?”

ፈቃድ አልነበረንም። ጠረጴዛውን እስከ ነገ እንድናነሳ አዘዙን። ጥቂት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ተመልሰው መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ከጉማሬው አፍ ይወጣል ወይስ አይወጣም?” ብለው ጠየቁኝ። የሚቀጥለው ክፍል ገና አልተሣለም ነበርና “ፈቃድ ካገኘን ይወጣል” አልኋቸው። ለምን እንዲህ እንዳልሁ እስካሁን አላውቅም። ሊቀመንበሩ ቆጣ ብለው ሄዱ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ትርንጎ መጡ።

እትዬ ትርንጎን ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ ልንገር? ጣና ላይ ጉማሬ ሲነሳ ታንኳው ሁሉ ወደ ጎን ይላል፤ በከተማችን የመዝናኛ ዓለም እሳቸው እንደዚያ ነበሩ። ቤታቸው ሆቴል ነው፣ አዳራሽ ነው፣ መጫወቻ ነው። ካራምቡላ የሚጫወት እዚያ ነው፤ ሙዚቃ የሚሰማ እዚያ ነው። ሁለት ማሲንቆ መቺዎችና አንድ አኮርዲዮን ተጫዋች አላቸው። ሠርግ ያለበት ድምፅ ማጉያ የሚከራየው ከሳቸው ነው፤ ቀበሌው ራሱ ሰልፍ ሲኖር መፈክሩን የሚያሰማው በእትዬ ትርንጎ ድምፅ ማጉያ ነው። እንዲያውም ኢምፔሪያሊዝም ይውደም በተባለ ቁጥር እሳቸው ራቅ ብለው ቆመው “ቀስ በሉ፣ ሽቦው እንዳይበጠስ” ይሉ ነበር። ቁመታቸው መካከለኛ፣ ስፋታቸው ለጋስ፣ ድምፃቸው ማጉያ የማያስፈልገው ነው።

“አስተናጋጆቼ በሥራ ሰዓት ይጠፋሉ” አሉ፣ ጠረጴዛችን ፊት ቆመው። “ፈልጌ ፈልጌ እዚህ አገኘኋቸው። ደንበኞቼም ቢራቸውን ሳይጨርሱ ወደዚህ ይመጣሉ። ስለዚህ ልገዛ ነው የመጣሁ።”

“እኛን?” አልሁ።

“እናንተን ምን አደርጋችኋለሁ። ሰውዬውን።”

ይትባረክ እንደ ልማዱ ዝም አለ። እትዬ ትርንጎ የይትባረክን ዝምታ አያውቁም፤ የነጋዴ ዝምታ መሰላቸው።

“ቀለምና ወረቀት እኔ እችላለሁ” አሉ።

ይትባረክ ዝም።

“እሺ፣ በየቀኑ ምሳ። የዓሣ ዱለት፤ በጾም ሽሮ።”

ይትባረክ ሐይቁን ያያል።

“ከአዳራሹ ጀርባ ክፍል እሰጣችኋለሁ።” ትንሽ ጠበቁ። “መስኮት ያለው።”

እግዜር ያሳያችሁ፣ ያ ዝምታ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ሆቴሉን ያስረክቡን ነበር። እኔ ግን ምሳ ሲባል ሆዴ ከአፌ ቀድሞ “እሺ” አለ።

የፈቃዱን ነገር ራሳቸው ጨረሱት። ሊቀመንበሩን እዚያው ዘንባባው ሥር አስጠሯቸውና፣ “ጓድ ሊቀመንበር፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህ ሰውዬ በኔ መዝናኛ ፈቃድ ሥር ነው” አሏቸው።

“መደቡ አልታወቀም እኮ፣ እትዬ ትርንጎ።”

“ደንገል ምን ሀብት አለው? ከልጅነቱ እስከ እርጅናው ውኃ ውስጥ ቆሞ ይውላል፤ ሲያድግ አጭደው ይጭኑበታል። ከዚህ በላይ ጭቁን የት ያገኛሉ?”

ሊቀመንበሩ አሰቡበትና እጃቸውን ዘረጉ። እጅ ለእጅ ተጨባበጥን፤ ደንገሌ ተሸጠ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማር ነበሩ። በመስኮታችን የሎሚ ዛፍ ይታያል። በምሳ ሰዓት ዱለቱ ይመጣል። እኔ እንዲያውም ትንሽ ወፈርሁ፤ ባለቤቴ ይህን ድርጅት በጣም ወደደችው። ሀብታም ግን እንደ ክረምት ደመና ነው፤ ጠዋት ጥላ ይሆንሃል፣ ከሰዓት በኋላ ያዘንብብሃል። አንድ ቀን እትዬ ትርንጎ አዲስ የወጣውን የታሪኩን ክፍል ይዘው ገቡ።

“ይህ ሰውዬ የት ነው የሚበላው?”

“አይበላም፣ እትዬ። ደንገል ነው።”

“ሰው ካልበላ በምን ጉልበቱ ነው ጉማሬ የሚታገል? እዚህ ይብላ።”

ደንገሌ እትዬ ትርንጎ ቤት ዱለት በላ። አንባቢው ምንም አላለም። በሚቀጥለው “ከበላ ይጠጣል” ተባለ። ይህን ስሰማ ይትባረክን አየሁት፤ ብሩሹ እጁ ላይ ቆሟል። ደንገል ቢራ ሲጠጣ ከውስጥ ይርሳል፤ የታሪኩ ሕግ ነው። ሕጉን ጠብቀን ደንገሌን አሰከርነው፤ ራሰ፣ ከበደ፣ ኩሽና ግድግዳ ላይ ተደግፎ እስኪደርቅ ድረስ ሽፍታው የእንጨት ሻጮቹን ገንዘብ ዘርፎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ልጓም አልነበረውም። ሁለቱ ማሲንቆ መቺዎች ታሪኩ ውስጥ ካልገባን አሉ፤ ሲገቡ ደግሞ ማን ከፊት ይሣል በሚል ተጣሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች አንዱ “ዛሬ ሙቀት ነው” ካለ ሌላው ጋቢ የሚደርብ ናቸው። አኮርዲዮን ተጫዋቹ “ጥርሴን ነጭ አድርጉት” አለ። የካራምቡላው ጠረጴዛ ገባ። በመጨረሻ ደንገሌ በገዛ ታሪኩ ውስጥ መቀመጫ አጥቶ ጥግ ላይ ቆሞ ይታይ ጀመር።

ከዚያ እትዬ ትርንጎ ራሳቸው መግባት ፈለጉ። ሲናገሩት ትንሽ አፈሩ እንጂ አልተዉትም። “አንዲት ደግ ባለ ሆቴል ብትኖር መልካም ነው” አሉ፣ የነጠላቸውን ጥለት እያዩ።

ይትባረክ ሣላት። ባለ ሆቴሏ ባንኮኒዋ አጠገብ ቆማለች፤ ነጠላው፣ ሹሩባው፣ የአንገቷ መስቀል ሳይቀር ቁጭ እትዬ ትርንጎ። ወደ ጎን ዞራ ለደንገሌ ቢራ ትቀዳለች። እሳቸውም አይተው እጅግ ደስ አላቸው፤ ለሁሉም ሰው አሳዩ። ለሁሉም ሲያሳዩ ደግሞ ቤት ለመባረክ ከደሴት ለመጡት ለንስሐ አባታቸው ለአባ ወልደ ሐና አሳዩ።

አባ መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። ቆይተው፣ “ልጄ ትርንጎ፣ ይህ ሰይጣን ያንቺን ነጠላ ለምን ለበሰ?” አሉ።

“የቱ ሰይጣን፣ አባቴ?”

“ይኸው፣ ባለ አንድ ዓይኑ።”

ከዚያ አባ እንደ ሕፃን አስረዷቸው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ሰይጣን፣ ይሁዳና ከሃዲ ግን በጎን ይሣላሉ፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን ያልሰማ ሰዓሊ ሊኖር ይችላል። የመሪጌታ ልጅ ግን አልሰማሁም ሊል አይችልም።

እኔ ከይትባረክ ጋር ክፍላችን ውስጥ ነበርሁ። የእትዬ ትርንጎ እግር በኮሪደሩ ሲመጣ ሰማሁት፤ እየሮጡ አልነበረም፤ ያ የበለጠ አስፈራኝ። ገቡና ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

“እኔ ሰይጣን ነኝ?” አሉ ይትባረክን።

አፌን ከፈትሁ። “አይደለም እትዬ፣ እዚህ ላይ ባንኮኒው ወደ ጎን ስለሆነ፣ ቢራውን ለመቅዳት ሲባል . . .”

“አንተን አልጠየቅሁም።”

ይትባረክ ብሩሹን ውኃ ውስጥ አደረገ። “ደንገሌን ያሰከረችውን ሴት ነው የሣልሁት” አለ። በቃ። በዚያ ወር የተናገረው ረጅሙ ነገር ይህ ነበር።

ክፍሏን ከነመስኮቷ ተሰናበትኋት። ዱለቱን በልቤ ተሰናበትሁት። እትዬ ትርንጎ ግን አልጮኹም፤ በርጩማዬ ላይ ቁጭ አሉ። በርጩማው ለኔ የተሠራ ነው፤ ትንሽ ጮኸ።

“አልጠጣም ያለ ሰው አስገድጄ አላውቅም” አሉ ቀስ ብለው። “ሰውዬው አልጠጣም አላለም። ‘አልጠጣም’ እንዲል ማድረግ የእናንተ ሥራ ነበር። እኔ ቤቴ የገባን ሰው መጋበዝ እንጂ ሌላ ምን አውቃለሁ?”

ይትባረክ እሳቸውን አየ። እኔም አየሁ። በሰዓሊነትም በደራሲነትም ዘመናችን እንዲህ ያለ ትክክለኛ ነቀፋ ደርሶብን አያውቅም። ደንገሌ አፍ ነበረው፤ አፉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ “ይቅርብኝ” የምትል አንዲት ቃል አልጻፍሁለትም።

“እንደተቀመጡ ይቆዩ” አለ ይትባረክ። አዲስ ወረቀት አወጣ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲሥላቸው ዋለ፤ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን። አንድ አስተናጋጅ ለሒሳብ ሊጠራቸው መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ተመለሰ። ሲጨርስ ወረቀቱን አዞረላቸው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩት።

“ዓይኔ እንዲህ ደክሟል?” አሉ።

“አዎ” አለ ይትባረክ።

“እንግዲያው እንደዚሁ ይሁን። ለሰውዬው ግን ከዚህ በኋላ ቆሎ ስጡት። ለደንገል የሚስማማው ደረቅ ነገር ነው።”

ከዚያ ቀን ወዲያ ባለ ሆቴሏ ታሪኩ ውስጥ ሌላ ሴት ሆነች። ደንገሌ ጉልበቱን ተማምኖ ሲገባ “ቆይ፣ ደርቀሃል?” ብላ ከበር ትመልሰዋለች። ቆሎ በኪሱ ታደርግለታለች። ሽፍታው እንኳ ቤቷ መጥቶ ዕዳውን ይናዘዛል። ሰውም ወደዳት። እኛ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ሰው የሚወደው ደንገሌን ነው ብለን እናምን ነበር።

እትዬ ትርንጎ የበለጠውን ትልቅ ሐሳብ ያመጡት ያን ጊዜ ነው። “ሕዝቡ በወረቀት አይቶታል፤ አሁን በአካል ይየው” አሉ። በአንድ እሑድ፣ ሐይቁ ዳር፣ ሙዚቃ ይኖራል፤ ዓሣ ይጠበሳል፤ ደንገሌም ከጣና ይወጣል።

“ማን ነው ደንገሌ የሚሆነው?” አልሁ እንደ ሞኝ።

ይትባረክን አዩት፤ ትከሻው እንደ ቤተ ክርስቲያን በር ነው። ከዚያ እኔን አዩኝ። በዱለት የወፈርሁት ውፍረት ከዓይናቸው አልገባም። “አንተ ደረቅ ነህ” አሉ፤ ነገሩ በዚህ ተቆረጠ።

ዋና እንደማልችል ተናገርሁ። “ደንገሌ መቼ ዋኝቶ ያውቃል? ይንሳፈፋል እንጂ” ተባልሁ። የራሴ ድርሰት ስለሆነ እሺ አልሁ። እሑድ ዕለት አንድ ታንኳ ሠሪ ከብብቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በደንገል ጠቅልሎ በገመድ ጠፈረኝ። ክንዶቼም አብረው ታሰሩ፤ ደራሲው ደንገሌን ሲፈጥር ክንዱን ለምን እንደሚፈልገው አላሰበበትም ነበር። ወገቤ ላይ ረጅም ገመድ ታሰረ። በታንኳ ወስደው ዳር ላይ ከበቀለው ደንገል ማዶ ውኃው ላይ ያስቀምጡኛል፤ የገመዱን ጫፍ ዳር ላይ የቆሙት ሁለቱ ማሲንቆ መቺዎች ቀስ ብለው ይስቡታል፤ እኔ ፊቴን ወደ ሰማይ አድርጌ እየተንሳፈፍሁ እመጣለሁ። ሐሳቡ ይህ ነበር።

ተንሳፈፍሁ። ይህን ለታንኳ ሠሪው ክብር መናገር አለብኝ። ጆሮዬ ውኃው ውስጥ ገባ ወጣ ይላል። ዳር ላይ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ይሰማኛል፤ የእትዬ ትርንጎ ድምፅ በማጉያው፣ “ደንገሌ ወደ እናንተ እየመጣ ነው” ይላል። ገመዱ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረገኝ። ከዚያ ላላ።

በኋላ እንደተነገረኝ፣ አንደኛው ማሲንቆ መቺ “አንተ ሳብ፣ እኔ ልምታ” አለ። ሌላኛው “እኔ ነኝ የምመታ፣ አንተ ሳብ” አለ። ሁለቱም ገመዱን ለቀው ማሲንቋቸውን አነሱ።

የጣና ነፋስ ከሰዓት በኋላ ሥራ ይጀምራል። ሻላ ወፎች በላዬ ሲያልፉ አየሁ፤ ወፎቹ ወደ ከተማው ይሄዳሉ፣ እኔ ግን አልሄድም። “ደንገሌ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው” አለ ማጉያው። ድምፁ ትንሽ ራቅ ብሏል። “ደንገሌ ትንሽ ዞር ብሎ ይመጣል።” ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ የዓባይን መውጫ አሰብሁ። ውኃው ይወስደኝና በድልድዩ ሥር አልፋለሁ፤ የዓባይ ማዶ ተማሪዎቼ ከላይ ሆነው “ደህና ዋሉ መምህር” እያሉ እጃቸውን ሲያወዛውዙልኝ ታየኝ። ከድልድዩ ወዲያ ያለው ፏፏቴ ነው። ስለ ፏፏቴው ብዙ ድርሰት አጽፌአለሁ፤ ተማሪ ሁሉ “ጭሱ ሲያዩት ያስደስታል” ይላል። ከላይ ወደ ታች ስለሚያየው ሰው የጻፈ ግን የለም።

“ደንገሌ ወዴት ነው የሚሄደው?” አለ ማጉያው። ቀጥሎ የሰማሁት የራሴን ስም ነው። የደንገሌን አይደለም፤ እናቴ ያወጣችልኝን ስም፣ በመላው ባሕር ዳር ላይ፣ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ። ከዚያ ማጉያው ሲጥ አለና ዝም አለ። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት።

የመጡልኝ እንጨታቸውን ሸጠው ወደ ዘጌ የሚመለሱ ባልና ሚስት ናቸው። ከታንኳቸው ላይ ሲከራከሩ ሰማኋቸው።

“ሰው ነው” አለች ሴትዮዋ።

“ታንኳ ነው፤ ከሰው አምልጦ ነው።”

“እባካችሁ” አልሁ።

“ታንኳ እባካችሁ አይልም” አለች።

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አየኝ። “ምንድን ነህ አንተ?”

“ደንገሌ ነኝ” አልሁ። እንዲህ ስል የሚያውቁኝና የሚደሰቱ መስሎኝ ነበር፤ ዝናችን ዘጌ አልደረሰም።

“ደንገል መሆንህን እናያለን። የማን ልጅ ነህ?”

የአባቴን ስም ተናገርሁ። ሰውዬው ፀሐይዋን አይቶ እንደሚመሽባቸው አጉረመረመ፤ ቢሆንም ገመዴን ከታንኳቸው ኋላ አሰሩና እንደ ጭነት እየጎተቱ መለሱኝ። ሚስትየዋ መንገዱን ሙሉ “ትልቅ ሰው እንዲህ ይጫወታል?” እያለች መከረችኝ። ትክክል ነበረች።

ዳር ስንደርስ እትዬ ትርንጎ ውኃ ውስጥ ነበሩ። በበዓል ቀሚሳቸው፣ እስከ ደረታቸው። ሊቀመንበሩ ከኋላ የነጠላቸውን ጫፍ በሁለት እጃቸው ይዘው “እትዬ፣ ዋና አይችሉም፣ እትዬ፣ ይመለሱ” ይላሉ። የሳቸውም ሱሪ እስከ ጉልበታቸው ርሷል። ይትባረክ ማሲንቆ መቺዎቹን አንገታቸውን ይዞ ገመድ ያስጎትታል፤ ከኔ ጋር ያልተያያዘ ሌላ ገመድ ነው፣ ግን ያስጎትታል። እትዬ ትርንጎ ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙና ውኃውን ጠረጉልኝ።

የገመዱ ቋጠሮ በውኃ አብጦ አልፈታ አለ። በቢላ እንዳይቆርጡት ከሥጋዬ ጋር ተጣብቋል። ምን ተደረገ? ዘንባባ ላይ አስደግፈው እስክደርቅ ድረስ ፀሐይ ላይ አቆሙኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሳይሄድ ቆሞ ጠበቀ። ሰው ሲደርቅ ማየት እንዲህ እንደሚያስደስት አላውቅም ነበር።

በማግስቱ እትዬ ትርንጎ ወደ ክፍላችን መጡ። ዓይናቸው አብጧል። “ሰውዬውን ውሰዱት” አሉ። “መልሼላችኋለሁ። ሰው የሚበላ ነገር በስሜ አላኖርም።”

“ፈቃዱስ?” አልሁ።

“ሊቀመንበሩን አነጋግሬአለሁ። እንዳላዩ ይሆናሉ፤ እያንዳንዱን ክፍል በነፃ ካስነበባችኋቸው።”

ካርቶናችንን ተሸክመን ወጣን። ነፃ ወጣን። ያን ቀን በሐይቁ ዳር ስንሄድ እኔ አውርቼ አውርቼ አልጠገብሁም፤ ከእንግዲህ ዱለት የለም፣ አኮርዲዮን የለም፣ ካራምቡላ የለም፤ ደንገሌና ጣና ብቻ። ይትባረክም ሁለት ጊዜ “አዎ” አለ። የሚቀጥለውን ክፍል በሙሉ ልባችን ሠራነው። ደንገሌ ብቻውን፣ በሰፊ ውኃ ላይ። ይትባረክ በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ውኃ ሥሎ አያውቅም።

ጠረጴዛችንን ዘንባባው ሥር ዘረጋን። የመጀመሪያው አንባቢ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ብስክሌቱን አስደገፈ፣ አነበበ፣ ገለጠ፣ አነበበ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ደብተሩን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

“ሴትዮዋስ?” አለ።

“የቷ ሴትዮ?”

“ባለ ሆቴሏ ነቻ። ምን አለችው?”

“በዚህ ክፍል የለችም።”

“ታመመች?” አለ፤ በጣም ተጨንቆ። ሁለተኛውም እንዲሁ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ መጥተው አነበቡና፣ “ደንገሌን ‘ደርቀሃል?’ የሚለው ሰው ከሌለ ይህ ሰውዬ ዝም ብሎ የሚንከራተት ሣር ነው” አሉ። በፖለቲካም ሆነ በሥነ ጽሑፍ ከሳቸው ጋር የተስማማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ይትባረክና እኔ ተያየን። ጠረጴዛውን ለሊቀመንበሩ አደራ ሰጥተን ወደ እትዬ ትርንጎ ቤት ሄድን። ባንኮኒው አጠገብ ብርጭቆ ይወለውላሉ። አስጠበቁን። እኔ የተዘጋጀሁበትን ንግግር ጀመርሁ፤ ስለ ሕዝብ ፍላጎት፣ ስለ ኪነ ጥበብ ግዴታ። አቋረጡኝ።

“አሁን እኔን ልትገዙ ነው የመጣችሁ?”

“እንደዚያ ማለት ይቻላል” አልሁ።

ብርጭቆውን ብርሃን ላይ አዩት። እኛ ምን እንሰጣቸዋለን? ሁሉ ነገር አላቸው። ይትባረክ ዝም አለ። እኔም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዝም አልሁ። ከኛ የሚፈልጉት ነገር እንዳለ ያወቅሁት እጃቸው ብርጭቆው ላይ ሲዘገይ ነው።

“ዋና አስተምሯት” አሉ።

“ማንን፣ እትዬ?”

“ሴትዮዋን። በሥዕሉ። ውኃው ደረቷ ላይ ሲደርስ መሬቱ ሲያልቅባት ቆማ እንዳትቀር። ሄዳ ሰውዬው ዘንድ ትድረስ።” ብርጭቆውን አስቀመጡት። “ሌላ ዋጋ አልጠይቅም።”

እኔም ይትባረክም ዋና አንችልም። ደንገሌ ስለሚንሳፈፍ የሚዋኝ ሰው ሥለን አናውቅም። ስለዚህ በማግስቱ ከሥራ በኋላ ወረቀት ይዘን ሐይቁ ዳር ተቀመጥን፤ ከፋብሪካ የወጡ ሠራተኞች ሲዋኙ እናያለን። ክንዳቸው እንዴት እንደሚወጣ፣ እግራቸው እንዴት እንደሚመታ፣ ራሳቸውን መቼ ቀና እንደሚያደርጉ። አንዱ ሳሙናውን ይዞ ከውኃው ወጣና ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠን ስናፈጥበት አልወደደውም።

“ምን ታያላችሁ?” አለ።

ልመልስ አፌን ስከፍት ይትባረክ ቀደመኝ። “እትዬ ትርንጎን ዋና እያስተማርናቸው ነው” አለ።

ሰውዬው ዳር ዳሩን ተመለከተ። “የት አሉ?”

ይትባረክ ወረቀቱን ትንሽ ወደሱ ዘንበል አደረገለት።

“ገና እግራቸውን እየነከሩ ነው።”